ከአዲስ አበባ እስከ ኢየሩሳሌም፤ የመንገዱ ርቀትና የበረራው ሰዓት

(በገዳሙ ማኅበር የመቶኛ ዓመት በዓል ላይ የተነገረ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ቅድስት አገር የሚመጣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው፥ «መንገዱ ምን ያህል ይርቃል? ስንት ሰዓትስ ያስኬዳል?» የሚለውን ነው። መልሱ ቀላል ይመስላል። አይሮፕላኑ አራት ሰዓት ያህል ይበራል ተብሎ ይነገረዋል፤ እርሱም በዚህ ቃል ተማምኖ ጓዙን ይሸክፋል። ነገር ግን ይህን አጭር መልስ ብቻ ይዘው ተነሥተው በመንገድ የደከሙ፥ ከበዓልም የቀሩ አሉ። ርቀት በኪሎ ሜትር ይለካል፤ በረራ በሰዓት ይቈጠራል፤ ጉዞ ግን ከሁለቱም የሰፋ ነገር ነው። የዚህም ንግግር ዐሳብ ሦስቱን ለይቶ ማሳየትና፥ አይሮፕላን ያሳጠረው የትኛውን እንደ ሆነ፥ ሊያሳጥረው የማይችለውም የትኛው እንደ ሆነ መግለጽ ነው።

ስለ ርቀቱ

በባሕረ ሐሳብ ቍጥር የለመዱ ሊቃውንት ርቀቱን ራሳቸው አስልተው ሊደርሱበት ይችላሉ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9ኛው ዲግሪ ላይ ትገኛለች፤ ኢየሩሳሌም ደግሞ 32ኛው ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ናት። የሁለቱ ልዩነት 22 ዲግሪ ከሦስት ሩብ ያህል ይሆናል። አንዱ ዲግሪ በምድር ላይ ሲለካ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፥ ወደ ሰሜን ያለው ርቀት ብቻ ከ2,500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ኢየሩሳሌም ከአዲስ አበባ በሦስት ዲግሪ ተኩል ወደ ምዕራብ ዘንበል ያለች ናትና፥ ይህ ሲጨመርበት ቀጥተኛው መስመር 2,550 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ይገኛል።

አይሮፕላኑ የሚያርፈው ግን በኢየሩሳሌም አይደለም። በባሕሩ ዳር ባለው ሜዳ፥ በልዳ ከተማ አጠገብ በሚገኘው በቤን ጉርዮን አይሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ከቦሌ እስከዚያ በቀጥታ 2,600 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ልዳ ቅዱስ ጴጥሮስ ኤንያን የፈወሰባት፥ የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ መቃብር ያለባት ከተማ ናት። እንግዲህ ተሳላሚው ከአይሮፕላኑ ደረጃ ሲወርድ፥ ብዙ ጊዜ ሳያውቀው፥ ከአንድ ቅዱስ ቦታ አጠገብ ይረግጣል። ከዚያ እስከ ኢየሩሳሌም በመኪና 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ከመስከረም 2011 ዓ.ም. ጀምሮም ከማረፊያው እስከ ኢየሩሳሌም ፈጣን ባቡር አለ፤ ይህን መንገድ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ይጨርሰዋል።

ከርዝመቱ ሌላ የከፍታው ነገር ደግሞ አለ። በመጻሕፍት ዘወትር «ወደ ኢየሩሳሌም መውጣት» ይባላል፤ ከገሊላም ከኢያሪኮም ለሚነሣ ሰው እውነት ነው፤ ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በተራሮች መካከል ተሠርታለችና። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ግን የቦሌን 2,300 ሜትር ከፍታ ትቶ የሚነሣ ስለ ሆነ በሥጋው ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ወደ ዮርዳኖስ ለጥምቀት ሲሄድ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች 400 ሜትር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይወርዳል። በጥቂት ቀን ውስጥ 2,700 ሜትር ያህል ቍልቍለት ወረደ ማለት ነው። ደጋ የለመደ ሽማግሌ በዮርዳኖስ ዳር ሙቀቱ ቢከብደው ሊያስደንቅ አይገባም።

ስለ አባቶች መንገድ

በቀድሞ ዘመን የመንገድ መለኪያው የእግር ቀን ነበር። ሰው በደኅና መንገድ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፥ 2,550 ኪሎ ሜትሩን የሚጨርሰው በ102 ቀን ነው። ይህም መንገዱ እንደ ገመድ ቢዘረጋ፥ ሰንበትም ክረምትም ሕመምም ባያስቆመው ነው። እውነተኛው መንገድ ግን እንዲህ አልነበረም። አንዳንዶቹ ወደ ምጽዋ ወይም ወደ ሱአኪን ወርደው መርከብ ይጠብቁ ነበር፤ ሌሎቹም በሱዳንና በዓባይ ሸለቆ ወደ ግብፅ ይዘልቁ ነበር። በላይኛው ግብፅ በደብረ ቍስቋም፥ በካይሮም በሐራት ዙዌላ፥ ኢትዮጵያውያን የሚያርፉበት ቦታ ነበራቸው፤ ከዚያም ከነጋዴ ጋር የሲናን በረሃ ተሻግረው ወደ ጋዛና ወደ ኢየሩሳሌም ይደርሱ ነበር። ስለዚህ ጉዞው ወራት ይፈጅ ነበር፤ ዓመትም የሚሞላበት ጊዜ ነበር።

የዚህ መንገድ ምስክር በጽሑፍ አለ። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ የቬኒስ ሰው፥ ወደዚያ ከመጡት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት የአገራቸውንና የኢየሩሳሌምን መንገድ ጠይቆ፥ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚታደር፥ በስንት ቀንም እንደሚደረስ ጽፎ አስቀርቶታል። መጽሐፉም በ1958 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ታትሟል። መነኮሳቱ ሚዛንና ገመድ አልያዙም፤ መንገዱን የለኩት በእግራቸውና በማደሪያቸው ነበር።

ሄዶ መመለስም ለሁሉ የተሰጠ አልነበረም። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው መቶ ዓመት ከአገራቸው ወጥተው በግብፅና በኢየሩሳሌም አልፈው እስከ አርመን አገር ሄዱ፤ በዚያም ዐረፉ። የመንገዱ ጽናት እንዲህ ስለ ነበረ፥ ቅዱስ ላሊበላ በሮሃ ያሳነጻቸው አብያተ ክርስቲያናት ኢየሩሳሌም ለመድረስ ላልቻለው ሕዝብ መሳለሚያ እንዲሆኑ ነው የሚል ትውፊት ጸንቶ ይኖራል። ዛሬም ድረስ በላሊበላ ጎልጎታ የተባለ ቤተ ክርስቲያን፥ ዮርዳኖስ የተባለም ወንዝ አለ። ሕዝቡ ወደ ከተማይቱ መድረስ ቢሳነው የከተማይቱ ስም ወደ ሕዝቡ መጣለት።

መንገዱ እንዴት እንዳጠረ

መንገዱ ማጠር የጀመረው በባሕር ነው። በኅዳር 1862 ዓ.ም. የስዊስ ቦይ ተከፈተና መርከብ ከቀይ ባሕር ወደ ሜዲትራኒያን በቀጥታ ማለፍ ቻለ። በመስከረም 1885 ዓ.ም. ከያፋ ወደ ኢየሩሳሌም የባቡር ሐዲድ ተመረቀ፤ 87 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በመጀመሪያ ዘመኑ አራት ሰዓት ያህል ይሄድበት ነበር። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ 784 ኪሎ ሜትር የሆነው የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ ገባ።

እነዚህ ሁሉ ተገጣጥመው ጉዞውን ምን ያህል እንዳሳጠሩት የሚታወቅበት አንድ የታሪክ ምስክር አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጠላት ወረራ ምክንያት ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው ወደ ጅቡቲ ወረዱ፤ ከዚያም ኢንተርፕራይዝ በተባለ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ሚያዝያ 30 ቀን ሐይፋ ደረሱ፤ በዚያው ቀንም በባቡር ኢየሩሳሌም ገቡ። እንግዲህ ለንጉሠ ነገሥት የተዘጋጀ ባቡርና ፈጣን የጦር መርከብ ይዞ መንገዱ ሰባት ቀን ፈጀ ማለት ነው። ለአባቶች ወራት የሚፈጀው ወደ አንድ ሳምንት ወርዶ ነበር።

ከዚያም ወዲህ ከአሥር ዓመት በኋላ፥ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ያ አይሮፕላን ሁለት ሞተር ያለው ዳግላስ ነበር፤ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም ነበር። በ1955 ዓ.ም. በጄት መብረር ተጀመረ፤ ፍጥነቱም ወደ ሦስት እጥፍ ያህል ሆነ። ዛሬ ተሳላሚው አራት ሰዓት ሲባል የሚሰማው የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ ነው። የሚያስደንቀውም፥ ያ የቀድሞው ባቡር ከያፋ እስከ ኢየሩሳሌም ለመውጣት የፈጀውን ሰዓት ያህል፥ ዛሬ ከቦሌ እስከ ልዳ መድረሱ ነው።

አራቱ ሰዓት ምን ምን እንደ ሆነ

ጄት አይሮፕላን በሰዓት ከ850 እስከ 900 ኪሎ ሜትር ይበራል። 2,600ውን በዚህ ብናካፍለው ሦስት ሰዓት ያህል ይወጣል፤ አንዱ ሰዓት ወዴት ገባ? ጥያቄው ተገቢ ነው። አይሮፕላኑ በምድር ላይ እየተንከባለለ ተራውን ይጠብቃል፤ ዐሥር ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ወዳለው ከፍታ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ሊያርፍም ሲል ፍጥነቱን ቀንሶ ይወርዳል። ሰማዩም እንደ ምድሩ መንገድና ወሰን አለው፤ አብራሪው በተፈቀደለት መስመር እንጂ በቀጥታ አይሄድም። ነፋሱም አንድ ቀን ያግዛል፥ አንድ ቀን ይቃወማል። ስለዚህ አራት ሰዓት ማለት ግምት ነው፤ ግማሽ ሰዓት ሊጨመርበት ይችላል።

በከፍታው የሚፈራ አረጋዊ ቢኖር ይህን ይስማ። በአይሮፕላኑ ውስጥ ያለው አየር፥ ውጭው የቱን ያህል ቢሳሳ፥ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው አገር እንደሚገኘው አየር ሆኖ ይጠበቃል። ይህም የአዲስ አበባ ሰው በየቀኑ የሚተነፍሰው ዓይነት ነው። ጆሮው የሚጨነቀው ሲነሣ ሳይሆን ወደ ልዳ ሜዳ ሲወርድ ነው፤ ምራቁን ደጋግሞ ቢውጥ ይቀልለታል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ደግሞም በረራው አራት ሰዓት ሆነ ማለት ጉዞው አራት ሰዓት ሆነ ማለት አይደለም። ተሳላሚው ቦሌ መገኘት የሚገባው ከመነሻው ሦስት ሰዓት አስቀድሞ ነው። ሲያርፍ ፓስፖርቱ ይመረመራል፤ ጓዙን ይጠብቃል፤ ይህ አንድ ሰዓት፥ በበዓል ሰሞንም ከዚያ የበለጠ ይወስዳል። ወደ ኢየሩሳሌም መውጫው አንድ ሰዓት ሲጨመር፥ ከቤቱ ደጃፍ እስከ ገዳሙ ደጃፍ ዐሥር ሰዓት ያህል ይሆናል። ምሳውን አዲስ አበባ በልቶ ለሠርክ ጸሎት እደርሳለሁ ብሎ የተነሣ ሰው፥ ሲደርስ ደጁ ተዘግቶ ቢያገኘው ሊያዝን አይገባውም።

ስለ ሰዓቱ አቈጣጠር

ከርቀቱ ይልቅ ተሳላሚውን የሚያስተው ሰዓቱ ነው። በቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር ነው፤ የኢትዮጵያ ሰው ግን ቀኑን ከንጋት፥ ሌሊቱንም ከምሽት ይቈጥራል። በቲኬቱ 00፡30 ተብሎ የተጻፈው በኢትዮጵያ ቍጥር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው። ቀኑም በእኩለ ሌሊት ስለሚለወጥ፥ «ዓርብ 00፡30» ማለት ሐሙስ ማታ ወጥቶ በዚያው ሌሊት መብረር ማለት ነው።

አንዲት አረጋዊት ተሳላሚ ለብዙ ዓመት ጥሪት አጠራቅመው፥ በስቅለት ዓርብ ጎልጎታን ሊሳለሙ ቲኬት ገዙ። በቲኬቱ ላይ ያለው ቀን ዓርብ፥ ሰዓቱም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር። ልጃቸውም ዓርብን አይቶ ዓርብ ማታ ይዟቸው ወጣ። አይሮፕላኑ ግን ባለፈው ሌሊት ሄዷል። በዚያ ሰሞን ቦታው ሁሉ የተያዘ ስለ ነበረ የደረሱት ፋሲካ ካለፈ በኋላ በማግሥቱ ሰኞ ነው። ከጎልጎታ ደረጃ ሥር ቆመው፥ «መንገዱ አልራቀብኝም፤ ሌሊቱን ነው የሳትኩት» ብለው አለቀሱ። 2,600 ኪሎ ሜትር ያላገዳቸውን እናት የአንድ ቀን አቈጣጠር አገዳቸው።

የሁለቱ አገሮች ሰዓትም ሁልጊዜ እኩል አይደለም። ኢየሩሳሌም ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው የብርድ ጊዜ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ በበጋዋ ግን ሰዓቷን ስለምታስቀድም ሁለቱ ይተካከላሉ። ስለዚህ በልደት ወደ ቤተ ልሔም የሚመጣ ሰው አራት ሰዓት በርሮ፥ በሰዓቱ ላይ ሦስት ሰዓት ብቻ ያለፈ ይመስለዋል፤ ሲመለስም አምስት የሆነ ይመስለዋል። በሕማማትና በፋሲካ የሚመጣ ግን ሰዓቱን ሳይነካ ይሄዳል፥ ይመለሳል። እንዲሁም በአዲስ አበባ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት የተጠጋ ሲሆን፥ በኢየሩሳሌም በክረምቱ ወደ 10 ሰዓት ያጥራል፥ በበጋው ከ14 ሰዓት በላይ ይረዝማል። ፀሐይን አይቶ የጸሎት ሰዓት የሚገምት ሰው ይህን ካላወቀ ይሳሳታል።

መንገዱ በሰው እጅ ሲርቅ

እስካሁን የተነገረው በገመድና በሰዓት የሚለካው ነው። ሦስተኛ መለኪያ ግን አለ፤ እርሱም የሰላም መኖርና አለመኖር ነው።

ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ከዴር ሡልጣን በቀጥታ ቢለካ አንድ ኪሎ ሜትር ከጥቂት ይርቃል። አንድ መነኵሴ ዳዊት እየደገመ ሃያ ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ ይደርሳል። ነገር ግን ከ1940 እስከ 1959 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም በሁለት መንግሥት ተከፍላ ነበርና፥ ደብረ ገነት በእስራኤል፥ ዴር ሡልጣንም በዮርዳኖስ በኩል ቀሩ። ማለፊያው የማንደልባውም በር ብቻ ነበር፤ እርሱም ፈቃድ ላለው ብቻ የሚከፈት ነበር። በዚያ 19 ዓመት አይሮፕላን በሰማይ አገርን ከአገር ሲያቀራርብ፥ በምድር የአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ከሁሉ የራቀ ሆኖ ነበር። የአንዱ ደወል ለሌላው ይሰማል፤ እግር ግን አይሻገርም።

እንደዚሁ በ1966 ዓ.ም. ኢትዮጵያና እስራኤል ግንኙነታቸውን ባቋረጡ ጊዜ፥ እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ፥ ከ2,550ው ኪሎ ሜትር አንድም አልተጨመረም፤ መንገዱ ግን ራቀ። በዚያው ዘመን በ1970ዎቹ ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤል በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ በመንገድና በመጠለያ ሰፈር ያለቁት አራት ሺህ ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ቆሟል። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ግን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአይሮፕላን ተሻገሩ። አገሩ አንድ ነው፥ መድረሻውም አንድ ነው፤ መንገዱ ሲከፈት ሰዓት ሆነ፥ ሲዘጋ ሞት ነበር። በቅርቡም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ የዚያ አገር ሰማይ ለመንገደኞች ተዘጋ፤ አይሮፕላኖችም ሌላ መስመር ፈለጉ። ከዚህ የተነሣ አራት ሰዓት የሚለው ቃል ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጐድለዋል፤ «ሰላም ከሆነ» የሚለው ሊጨመርበት ይገባል።

ምክርና መደምደሚያ

እንግዲህ ለተሳላሚዎችና ተሳላሚዎችን ለሚያሰናዱ ካህናት የሚጠቅመው ይህ ነው። ቲኬቱ በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት ተገልብጦ በግልጥ ይጻፍ፤ ሌሊት የሚነሣ ከሆነም በየትኛው ቀን ማታ ከቤት እንደሚወጣ ይነገር። ለበዓል የሚመጣ ሰው ከበዓሉ ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድሞ ይድረስ። መድኃኒት የሚወስድ መድኃኒቱን በእጁ ይያዝ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አያስቀምጥ። ሽማግሎች በደረሱ ዕለት ወደ ዮርዳኖስ አይውረዱ፤ አንድ ሌሊት ይረፉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አለ። በእግሩ የሚመጣው አባት ከቤቱ ሲወጣ እንደሚሞት ሰው ተናዝዞ፥ ዕዳውን ከፍሎ፥ ከተጣላው ታርቆ ነበር፤ ይመለስ እንደ ሆነ አያውቅምና። ከዚያም በመንገድ ያሳለፋቸው ወራት ባዶ ወራት አልነበሩም። በየማደሪያው ቍጣው ይበርዳል፥ ትዕቢቱ ይደክማል፥ ጸሎቱ ይረዝማል። የከተማይቱን ግንብ ባየ ጊዜ እግሩም ልቡም አንድ ላይ ይደርሳሉ። አይሮፕላን የኪሎ ሜትሩን ድካም አነሣ፤ ይህ የእግዚአብሔር ቸርነት ነውና ምስጋና ይገባዋል፤ መራመድ የማይችሉ እናቶችና ድውያን ዛሬ ጎልጎታን የሚሳለሙት በእርሱ ነው። ነገር ግን አይሮፕላን የሚያጓጕዘው ሥጋን ነው። ማታ በገበያ ሲከራከር የነበረ ሰው ጧት በመቃብሩ ደጃፍ ሊቆም ይችላል፤ ልቡ ግን ገና በገበያው ነው፤ ልቡ እስኪደርስም የመመለሻው ቀን ይደርሳል።

ስለዚህ ለሚበርር ተሳላሚ የእግር መንገዱ አልቀረለትም፤ ቦታው ብቻ ተለወጠ። አባቶች በምጽዋና በሲና በረሃ የሄዱትን እርሱ ከበረራው በፊት በቤቱ ይሂደው። አባቶች የተጓዙበትን ያህል ቀን ባይችል ዐርባ ቀን፥ ዐርባ ባይችል አንድ ሱባዔ ይያዝ፤ ይናዘዝ፥ ይታረቅ፥ የበደለውን ይካስ። እንዲህ አድርጎ የተነሣ እንደ ሆነ በልዳ ሜዳ ሲወርድ ሙሉ ሰው ሆኖ ይወርዳል።

ይህን ደጅ በዘመናት ሁሉ ክፍት አድርገው ያቆዩት፥ የመጣውን እንግዳ፥ ወር የተጓዘውንም አራት ሰዓት የበረረውንም፥ በአንድ እንጀራና በአንድ ሰላምታ የተቀበሉት አባቶችና እናቶች ነፍሳቸውን ይማርልን። የሚመጡትንም ሁሉ በሰላም አምጥቶ በሰላም ይመልስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።